ሁለት ፖስታ ለሉቺያ

ሁለት ሉቺያ በአንድ ጣሪያ ሥር አታሳድሩ። ሌላ ምክር የለኝም። ይህን ባለማወቄ ባለፈው የብርድ ወራት የሁለት ሰዎችን ትዳር ገና ሳይጠነሰስ ገደል ልከተው ነበር። በክፋት ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። በሾርባ ምክንያት ነው።

ስሜ ቬሮኒካ ይባላል፤ የክርስትና ስሜን ማለቴ ነው። በባሕር ዳር ከተማችን ቶንግዮንግ፣ በእኛ ደብር፣ በሌላ ስም የሚያውቀኝ የለም። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ባሌ ሞቷል፣ ብርዱ ከገባ እስኪወጣ ወደቡ ጥግ ባለው መጋዘን ቆሜ ከባሕር የሚወጣውን ኦይስተር እፈለፍላለሁ። ድንጋይ የመሰለውን ቅርፊት በቢላ ከፍቶ ሥጋውን ማውጣት ነው፤ እጅ ይጨርሳል። ከጎኔ የምትቆመው ናንሂ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሁላችንም እጇ ፈጣን፣ ከሁላችንም ወሬዋ ትንሽ። የክርስትና ስሟ ሉቺያ ነው።

ሌላዋ ሉቺያ የመድኃኒት ቤቱ እመቤት ናቸው። ስምንት ትውልድ ካቶሊክ። ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ «ሃይማኖቴን አልክድም» ብሎ አንገቱን የተቀላ ሰማዕት ነው፤ እሳቸውም ሲራመዱ ያንን አንገት በራሳቸው ትከሻ ላይ የተሸከሙ ይመስላሉ። ልጃቸው ዱሶክ፣ በክርስትና ስሙ ቶማስ፣ መድኃኒት ቤቱን ከአባቱ ወርሶ ይሠራል። የዛሬ ሦስት ዓመት ናንሂ መዳፏን በቢላ ሰንጥቃ እየደማች እሱ ዘንድ ሄደች። ጠቀለለላት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሺ አላት። ቁስሉ ድኖ ጠባሳው እስኪጠፋ ድረስ በየሦስት ቀኑ ስትመላለስ ከረመች። ነገሩ እንዲህ ጀመረ።

ሁለቱም እንደኔ «መታደስ» ውስጥ ናቸው። ሃይማኖት አልለወጥንም፤ እዚያው ደብር፣ እዚያው ቅዳሴ ነን። ሐሙስ ሐሙስ ግን ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤቱ ውስጥ እንሰበሰባለን። እየዘመርን እናጨበጭባለን፣ አንዳችን ለሌላው እጅ ጭነን እንጸልያለን፣ ማልቀስ ያማረው ያለቅሳል። ሕጋችን ደግሞ ሀብታም ድሃ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል በክርስትና ስም ተጠራርቶ ሁሉም ሁሉን «እርስዎ» ማለት ነው። እኔና ናንሂ ከመጋዘን የለመድነው «አንቺ» አልለቀቀንም፤ እነዚያ ሁለቱ ግን ሕግ አክብረው ሦስት ዓመት ሙሉ እየተዋደዱ «እርስዎ» ሲባባሉ ኖሩ። «እናንተ ልጆች፣ ልጅ ወልዳችሁም ‹ሽንት ጨርቁን ያቀብሉኝ› ልትባባሉ ነው?» እላቸዋለሁ። ናንሂ ፊቷን ታዞራለች፣ ዱሶክ ጆሮው ይቀላል።

እመቤቲቱ ግን ሞቼ እገኛለሁ አሉ። የናንሂ እናት መንፈስ ጠሪ ነበረች። ዓሣ አጥማጅ ባህር በልቶት ሲቀር ቤተሰቡ እሷን ይጠራል፤ ከበሮ እየተመታ ረጅም ነጭ ጨርቅ ውኃው ውስጥ ትጥላለች፣ የሟቹን ነፍስ በዚያ ጎትታ ታወጣለች ይባል ነበር። «የጠንቋይ ልጅ ሰማዕት ቤት አትገባም» አሉ እመቤቲቱ። የእኛን ሐሙስ ደግሞ «ከበሮ የጎደለው የጠንቋይ ቤት» ብለው ስም አወጡለት። ዱሶክ ያለ እናቱ ምርቃት አላገባም ይላል፤ ምርቃቱ ደግሞ የለም።

በመጨረሻ ናንሂን ሰለቻት። ወደ ሦስት ቀኑ የጸሎት ጉባኤያችን ከመሄዳችን በፊት በነበረው ሐሙስ፣ እኔ አጠገባቸው ወንበር እያነሳሁ፣ እንዲህ አለችው፦ «ወንድም ቶማስ፣ እሁድ ጉባኤው ላይ ደብዳቤ ይሰጠናል አይደል? መልስዎን በእሱ ይጻፉልኝ። እናትዎን ከመረጡ አልቀየምዎትም። ሰኞ ኡልሳን አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ አልመለስም።»

እሱም «እሺ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም፤ ሰውየው ሲጨንቀው ዲዳ ነው።

ነገሩ ከተማውን ሞላ። ያኔ ነው እመቤቲቱ ሁላችንንም ጉድ ያሰኙት። ለሴቶች በተዘጋጀው በዚሁ ጉባኤ ላይ ስማቸውን አስመዘገቡ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ናንሂ ከእሳቸው ኋላ ተቀመጠች። ከፔርሙሷ የገብስ ሻይ ቀድታ ተነሥታ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እሳቸው በአንድ እጅ ተቀበሉ። ይሄ አያስቀይምም፤ ትልቅ ሰው ከትንሽ የሚቀበለውም የሚሰጠውም በአንድ እጅ ነው። ያስቀየመኝ ሻዩን ሳይቀምሱ መስኮቱ ጋ ማስቀመጣቸው ነው። ኮረብታው ላይ ያለው የመነኮሳቱ ቤት ስንደርስ ኩባያውን እንደሞላ በአንድ እጃቸው መለሱላት። «እሁድ ይለይለታል» አሏት።

ናንሂ የቀዘቀዘውን ሻይ ራሷ ጠጣችው።

በዚያው ቀን፣ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ከሥሩ በሚሞቀው ወለል ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። መሪያችን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ሞኒካ ትባላለች። ደረታችን ላይ የስም ካርድ ለጠፈችልን። ሁለት ሉቺያ ሲገጥሟት «ትልቋ ሉቺያ» «ትንሿ ሉቺያ» ብላ ጻፈች። ከዚያ እያንዳንዳችን ለምን እንደመጣን እንድንናገር ጠየቀችን።

አንዷ ባሌ ስለሚጠጣ ነው አለች። አንዷ ልጆቼ ሴኡል ሄደው ቤቱ ጭር ስላለብኝ ነው አለች። አንዷ ደግሞ «ሦስት ቀን ሌላ ሰው ያበሰለውን ልበላ» አለች፤ ስቀን ሳንጨርስ እሷ ማልቀስ ጀመረች። እኔንም ጠየቁኝ። እውነቱን ተናገርኩ፦ ባሌ ከሞተ በኋላ ስድስት ዓመት ጭንቅላቴን የነካው ሰው ፀጉር ቤት ያለችው ልጅ ብቻ ነበረች። አንድ ሐሙስ አንዲት አሮጊት እጇን ጭና ጸለየችልኝ። ምን ብላ እንደጸለየች አልሰማሁም፤ የእጇን ሙቀት ብዬ ነው በሳምንቱ የተመለስኩት።

ተራው ትልቋ ሉቺያ ጋ ደረሰ።

«እኔ ልታደስ አልመጣሁም፤ ያረጀብኝ ነገር የለም» አሉ። «ልጄ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዓይኑ ቀልቶ ነው የሚገባው። ማን እንደሚያስለቅሰው ለማየት ነው የመጣሁት።» ይህን ሲሉ ናንሂን ነበር የሚያዩት።

ናንሂ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። «እናቴ ለሰው ሁሉ ሐዘን ታለቅስ ነበር። እሷ ስትሞት የሚያለቅስላት አልመጣም። መንፈስ ጠሪ ቤት ማን ይረግጣል? እትዬ ቬሮኒካ ብቻ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር አልተናገረችም።» እኔ ያልተናገርኩት የምለው ጠፍቶኝ ነበር፤ እሷ ግን በቁም ነገር ይዛዋለች። «እኔ የመጣሁት ሰው አጠገቤ እንዲቀመጥ ነው። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው ብል መዋሸት ይሆንብኛል። እግዚአብሔርንም ያገኘሁት እዚያ ተቀምጬ ነው።»

«ከበሮውንስ የት አደረሳችሁት?» አሉ እመቤቲቱ፣ ድምፃቸው ጨዋ ነው።

ደሜ ፈላ፤ ሞኒካ ጉልበቴን በእጇ ባትጫነው ኖሮ አንድ ነገር ተናግሬ ነበር።

«ከእናቴ ጋር ቀበርነው፣ እማማ» አለች ናንሂ።

እመቤቲቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያስከፋቸው መልሱ ይሁን የልጅቷ አለመከፋት፣ አላወቅኩም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በእኛ ዘንድ «ፓላንካ» የሚባል ነገር አለ። ሰው ሦስት ቀን ለጸሎት ሲገባ፣ ቤት የቀሩት ለእሱ ይጾማሉ፣ ይጸልያሉ፣ ደብዳቤም ይጽፉለታል። ደብዳቤው ተደብቆ ይቆይና እሁድ ጠዋት ይሰጣል። ድብቅ ነው ይባል እንጂ የማያውቅ የለም። ፖስታው ላይ የሚጻፈው የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ ያ ቤት ውስጥ ማንም የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ደብዳቤዎቹን ተቀብሎ በየሰዉ የወረቀት ከረጢት መክተት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፤ ከወጥ ቤቱ ጋር ደርቤ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የኦይስተሩን ሾርባ እያማሰልኩ ዱሶክ የወጥ ቤቱ በር ላይ ብቅ አለ። ፂሙን አልተላጨም።

«ወንድም ቶማስ፣ ወንድ እስከ ነገ እዚህ ቤት አይገባም።»

«አልገባሁም እኮ፣ እህት ቬሮኒካ። ደፉ ላይ ነኝ።»

እውነቱን ነው፣ ጫማው ውጭ ነበር። ሁለት ፖስታ ዘረጋልኝ። በሁለቱም ላይ «ለሉቺያ» ይላል። አንደኛው እንደ ትራስ ያበጠ ነው፤ ሌላው ባዶ ይመስላል።

«ማንን መረጡ?» አልኩት። አላስቻለኝም።

«ደብዳቤው ይናገራል። ይስሙኝ ብቻ፣ እህት ቬሮኒካ፣ ወፍራሙ የ...»

ሾርባው ገነፈለ። እሳቱ ቸስ ብሎ ጠፋ፤ እኔ ጨርቅ ፍለጋ እሮጣለሁ፤ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል፣ ይሂዱ» አልኩት። እንዲህ ነኝ፤ ሰው አፉን ሲከፍት ገብቶኛል እላለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ በዚህ ስንት ቀን ተጣልተናል። ምድጃውን ወልውዬ ዞር ስል ዱሶክ ሄዷል።

ቢሆንም አልተጨነቅኩም። ወፍራሙ ሦስት ዓመት ለጠበቀችው ልጅ ካልተጻፈ ለማን ሊጻፍ ነው? ወንድ ልጅ ለእናቱ ከ«ደህና ነኝ፣ ካልሲዬን አገኘሁት» ሌላ ምን ይጽፋል? ወፍራሙን በትንሿ ሉቺያ ከረጢት፣ ቀጭኑን በትልቋ ሉቺያ ከረጢት ከተትኩ። እንዲያውም ለናንሂ ደስ አለኝ። እምቢ ለማለት ይህን ያህል ወረቀት አያስፈልግም ብዬ።

እሁድ ጠዋት ከረጢቶቹን አደልኩ። እንዲህ ባለ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ከወረቀት ድምፅ በቀር አይሰማም፤ ቆይቶ አንዱ ጥግ ላይ አንዷ ልቅሶ ትጀምራለች፣ ቀጥሎ ሌላዋ። የጠጪው ሚስት የባሏን ደብዳቤ ደረቷ ላይ ለጥፋ እየተወዛወዘች ነው። እኔ ግን የማየው ሁለቱን ሉቺያዎች ነው።

ትልቋ ሉቺያ ቀጭኑን ፖስታ ከፈቱ። አንዲት ወረቀት፣ ትልልቅ ፊደል። ክንዳቸውን ዘርግተው ከዓይናቸው አርቀው አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ከዚያ ሳቁ። አፋቸውን ሳይሸፍኑ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ደብር ስንኖር ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም።

«ምን ይላል?» አለቻቸው አጠገባቸው ያለችው።

«ከልጄ ነው» አሉ። ሳያፍሩ ጮክ ብለው አነበቡላት፦ «‹መርጫለሁ። እርስዎን ነው። እስካሁን ስላስጠበቅኩዎት ይቅር ይበሉኝ። ቶማስ።›»

ክው አልኩ። እናቱን መረጠ። ያ ሁሉ ፋሻ፣ ያ ሁሉ ሐሙስ፣ እናቱን መረጠ። ያንን ወፍራም ደብዳቤ ለናንሂ የጻፈው እንግዲህ ይቅርታ ለመለመን ነው አልኩ በልቤ። ፈልጌ ሳያት ቦታዋ ላይ የለችም።

ኮሪደሩ ውስጥ፣ ባሕሩን የሚያሳየው መስኮት ሥር፣ ፖስታውን ይዛ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«የኔ እህት፣ ተይው፤ አንቺን የማይመጥን ሰው ነው» አልኳት።

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥ አድርጋ የላይኛውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። «እናቴ ሆይ፣» ይላል።

ለመረዳት የፈጀብኝን ጊዜ እግዚአብሔር ይቁጠረው። ወፍራሙ የእናቱ ነበር። ቀጭኑ የእሷ። የመረጠው እሷን ነው፤ ያንን ቃል ደግሞ ሌላ ሴት አዳራሽ ውስጥ እያነበበች ትስቅበታለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«እትዬ፣ ተዪ» ብላ ክንዴን ያዘች። «ሰምቼዋለሁ፣ ሲያነቡት። የኔ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅኩ። ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት።»

«ታዲያስ? የአንቺ ነዋ።»

«ሲስቁ አየሻቸው? እንዴት አድርጌ ነው ከአፋቸው የምነጥቀው?»

«ናንሂ፣ ነገ ኡልሳን ልትሄጂ ነው እንዴ ለሰው ሳቅ ብለሽ?»

እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቶ አይወርድም። የደስታ ይሁን የጭንቅ ራሷም የለየችው አይመስለኝም።

እዚያው ቆመን ሳለ እመቤቲቱ በኮሪደሩ መጡ። ወረቀቷን የጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ሸጉጠዋታል። ናንሂ ፊት ቆሙ፤ ያሸነፈ ሰው ደግነት ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«አትዘኚ። ክፉ ልጅ አይደለሽም፤ እኔም እንደዚያ ብዬ አላውቅም። ኡልሳን ጥሩ ከተማ ነው።»

ናንሂ ጎንበስ አለች። ወፍራሙን ፖስታ በሁለት እጇ ዘረጋች። «እማማ፣ ይኼ የእርስዎ ነው። በስህተት የኔ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ነው። ያየሁት የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው።»

«ሁለት ጻፈልኝ?» አሉ። እንደ ሕፃን ደስ አላቸው፤ እኔ ደግሞ መሬት ብትውጠኝ ባልጠላሁ ነበር። የዱሶክ ጽሕፈት በዚህኛው ደቃቅ ነው፤ አቅርበው አርቀው ሞከሩት። «መነጽሬን ጸሎት ቤት ትቼዋለሁ። አንብቢልኝ።»

«እኔ ላንብብልዎ» አልኩ ዘልዬ።

«አይ። እሷ ታንብብ።» ልጅ ለእናቱ እንዴት እንደሚጽፍ ትስማ ማለታቸው ነው፤ ገብቶኛል፤ ይሄ እንኳ በእርግጥ ገብቶኛል።

መስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ናንሂ ማንበብ ጀመረች።

«‹እናቴ ሆይ፣ ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምሄድ አራት ዓመት ጠየቁኝ። ለምን እንደምሄድ ግን አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ዩንሶክ ባሕር ገብቶ የቀረ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር...›»

እመቤቲቱ ቀና አሉ። ዩንሶክ የበኩር ልጃቸው ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሊዋኝ ገብቶ ሰመጠ፤ እስከ ዛሬ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖታል። ስሙን በፊታቸው የሚጠራ ሰው ከተማው ውስጥ የለም።

«ልተው እማማ?»

«ቀጥዪ።»

«‹እርስዎ የሙታኑን ጸሎት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅዎ ሳይሰበር መሩት። ሰው ሁሉ አደነቀዎት። እኔ ልጠጋዎት ስመጣ ‘የሰማዕት ቤት ልጅ አያለቅስም’ አሉኝ። ሄጄ መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ውስጥ ለመድኃኒት የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ ያለበትን መሳቢያ ሳብኩና ፊቴን እሱ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። ብዙ ቀን እንዲህ አደረግሁ። ልጣጩ ሻገተ። አባባ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው ብሎ አሠራው።›»

እመቤቲቱ እጃቸው የጸሎት መጽሐፉ ላይ እንደተጫነ ባሕሩን ያያሉ።

«‹ወደ መታደስ የሄድኩት እምነት ጎድሎኝ አይደለም። እምነቱን ከእርስዎ ጠግቤ ወርሻለሁ። የዛሬ አራት ዓመት ለአንድ ታማሚ መድኃኒት ላደርስ ምድር ቤቱ ገባሁ፤ ዝማሬ ላይ ነበሩ። አንዲት ኦይስተር የምትፈለፍል ሴት መጥታ እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። እጇ ባሕር ባሕር ይሸት ነበር። ለወንድሜ ከመሳቢያው ውጭ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። ያኔ ናንሂን አላውቃትም። ማንም አልወሰደኝም፣ እናቴ። ራሴ ነኝ የሄድኩት፣ የማለቅስበት ቦታ አጥቼ።›»

እጄን አየሁት። ትዝ አይለኝም። በእውነት ትዝ አይለኝም፤ ስንቱን ጀርባ ነክቼ ይሆናል።

ናንሂ ገጹን ገለጠች። ዓይኗ ወደ ታች ወረደ፣ ቆመ። ወረቀቱን አጠፈችው።

«አለቀ» አለች።

«ልጄ ሳይፈርም አይጨርስም።»

«አለቀ፣ እማማ።»

«ስጪኝ።»

መጨረሻውን ገጽ ተቀብለው ክንዳቸውን እስከ ጥጉ ዘረጉ። ከንፈራቸው ፊደል በፊደል ይንቀሳቀሳል። በኋላ ያ ገጽ ምን እንደሚል ራሳቸው አሳዩኝ፤ እንዲህ ነበር፦ «ለናንሂ ዛሬ የጻፍኩላት ጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ እሷ ዝምታዬን ለምዳዋለች። ለእርስዎ ግን ሃያ አንድ ዓመት ያልነገርኩዎት ነበረኝና በዛብኝ። እሷን መርጫለሁ። እርስዎን ግን አልተውኩም። አንድ ቀን ብቻ ለዩንሶክ አብረን እናልቅስለት። ልጅዎ ቶማስ።»

ወረቀቱ ጭናቸው ላይ ወረደ። አሁን ይጮኻሉ፣ አሁን ልጅቷን ይገፈትራሉ ብዬ ተጠጋሁ።

«አውቀሽ ነበር?» አሏት ሳያዩዋት።

«አዳራሹ ውስጥ ሲያነቡት አወቅኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ሲስቁ አይቼዎት አላውቅም ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ መዝሙር ተጀመረ፤ ጭብጨባው በግድግዳው አልፎ ይሰማል።

«እናትሽ ያኔ ደጄ መጥታ ነበር» አሉ። «በሦስተኛው ቀን። አልጠራኋትም።»

«አብሬያት ነበርኩ። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ቀሚሷን ይዤ።»

«በሩን ዘጋሁባት።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ምን ልታደርግ ነበር የመጣችው?»

«ስሙን ልትጠራ። ሦስት ጊዜ ነው የሚጠራው። ሌላው ሁሉ፣ ከበሮውም ጨርቁም፣ ሰው እስኪያለቅስ ነው ትለኝ ነበር። ዋናው ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት ነው።»

«እንዴት እንደሚለቀስ እኔ አላውቅም» አሉ እመቤቲቱ። ይህን ያሉት እንደ ኩራት አልነበረም። አለማወቃቸው አሳፍሯቸዋል።

«ከበሮ አያስፈልግም። ስሙን ብቻ ይጥሩት።»

መስኮቱን አዩ። «ዩንሶክ» አሉ፣ ሱቅ የሚልኩትን ልጅ እንደሚጠሩ። «ዩንሶክ» አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ ለቅሶ ቤት ስመላለስ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ሃያ አንድ ዓመት ዘግተው ያቆዩት ነው። ናንሂ አልነካቻቸውም፣ «አይዞዎት» አላለቻቸውም። አጠገባቸው ተጠግታ ተቀመጠች፤ ትከሻዋን ትከሻቸው እንዲያገኘው አደረገች። ከዚያ እሷም አለቀሰች። እኔ ቆሜ እንደ ጅል አብሬ አነባሁ።

ሲበርድላቸው ፊታቸውን ጠረጉ፣ ፀጉራቸውን አስተካከሉ፣ የጸሎት መጽሐፉን ከፈቱ። ያችን አንድ ወረቀት አወጡ። ተነሥተው ቆሙ። ናንሂም ደንግጣ ተነሣች።

ወረቀቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጧት።

«የአንቺ ነው። አንብቤብሻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ።

በሁለት እጅ። የመድኃኒት ቤቱ እመቤት፣ ለመንፈስ ጠሪዋ ልጅ። ስትቀበል አገጯ ደረቷን እስኪነካ አጎነበሰች፤ ቀና ስትል ግን ፊቷ ላይ ያየሁትን የምገልጽበት ቃል የለኝም፤ ብቻ ቆንጆ ነበረች።

ምሳ በልተን ከሰዓት በኋላ የደብሩ ወንዶች ሊወስዱን መጡ። ዱሶክ ከሁሉም ኋላ፣ የግቢው ዛፍ ሥር፣ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ቆሟል። እናቱ ዓይናቸው አብጦ ሲመጡ ሲያይ ቀለሙ ጠፋ። ከኋላቸው ናንሂ አለች፤ የእሷም ዓይን አብጧል። ሰውየው ሁለቱንም ያጣ መሰለው።

«እናቴ፣ ደብዳቤው ደረሰዎት?»

«ሁለቱም ደረሱኝ።»

ወደኔ ዞረ። እኔ የሾርባ ድስቱን አንሥቼ ወደ አውቶቡሱ መጫን የሚያስቸኩል ሥራ ሆነብኝ።

እመቤቲቱ የልጃቸውን የካፖርት አንገት አስተካከሉለት። እጃቸው እዚያው ቆየ፤ እንደማያውቁት ነገር በቀስታ ወደ ጀርባው ወርዶ አረፈ። ዱሶክ ዓይኑን ጨፈነ። «መሳቢያውን ታሳየኛለህ» አሉት ቀስ ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ፦ «ለመሆኑ ይቺን ልጅ እስከ መቼ ነው ‹እርስዎ› የምትላት? እኔን ያሳሳተኝ እኮ እሱ ነው። ሚስቱን ‹እርስዎ› እያለ የሚያስቀኝ ሰው ቤቴ አላስገባም።»

«ሚስት» የሚለው ቃል ግቢው መሐል ወደቀ። ማንም አላነሣውም። እሳቸው ቦርሳቸውን ይዘው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ፤ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ከጎናቸው ያለውን ቦታ በቦርሳቸው ያዙት።

ሁለቱ ተፋጠው ቀሩ። እሱ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ሦስት ዓመት ያልተለማመደውን ቃል ፍለጋ ጆሮው እሳት መሰለ። እሷ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ ትጠብቀዋለች።

«ናንሂ» አለ በመጨረሻ። «ምሳ... በላሽ?»

እኔ በዓይኔ ሁለት ሳህን ሩዝ በሾርባ ስትበላ ያየኋት ልጅ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች።

«አልበላሁም» አለችው። «አንተስ?»